ወንድማማቾቹ ርስት ሲካፈሉ፦ የቬቲን ቤት ታሪክ

እንደምን አመሻችሁ። ርእሱ የአንድ ጀርመናዊ የመሳፍንት ቤት ታሪክ ስለሆነ፣ አዳራሹ ባዶ ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነበር። እንኳን መጣችሁ። አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል፤ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከድሬስደን ልጀምር። በአሮጌው ከተማ፣ ከቤተ መንግሥቱ ጎን፣ 102 ሜትር የሚረዝም ግድግዳ አለ። ግድግዳው ላይ 35 ገዢዎች በፈረስ ተሰልፈው ይሄዳሉ። ከሩቅ ሲያዩት ሥዕል ይመስላል። ጠጋ ሲሉ ግን ሸክላ ነው። ወደ 23 ሺህ የሚጠጉ የማይሰን ፖርሰሊን ንጣፎች አንድ በአንድ ተገጥመውበታል። በፌብሩዋሪ 1945 ከተማዋ በቦምብ ስትጋይ ግድግዳው ብዙም ሳይጎዳ ተረፈ። 35ቱም የአንድ ቤት ሰዎች ናቸው፤ አባት፣ ልጅ፣ ወንድም፣ የልጅ ልጅ። የመጨረሻው ንጉሥ ብቻ የለበትም። ሥዕሉ ሲነደፍ ገና ልጅ ነበር።

ይህ የቬቲን ቤት ነው። ሳክሶኒን ከስምንት መቶ ዓመት በላይ ገዝቷል። ዛሬ የቤልጂየም ዙፋን ላይ ያለው ንጉሥ በአባት በኩል የዚህ ቤት ልጅ ነው። ነፍሷን ይማርና ንግሥት ኤልሳቤጥ ሁለተኛዋም በአባቷ በኩል ትውልዷ እዚያው ይደርሳል። ቢሆንም "ቬቲን" ሲባል ሰምቶ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። የኦስትሪያዎቹን ሀብስቡርጎች ሁሉም ያውቃል። የፕሩስያዎቹ ሆሄንዞለርኖች ጀርመንን አንድ አድርገው ቄሣር ሆኑ። ቬቲኖች ከሁለቱም የማያንስ ዕድል ነበራቸው፤ ብር ነበራቸው፣ መሬት ነበራቸው፣ ሥልጣን ነበራቸው። ታዲያ ምን ነካቸው?

እኔ የምለው ይህን ነው። ርስት ተካፈሉ። ደጋግመው ተካፈሉ። ጉልበታቸውም በዚያው አለቀ። የሚገርመው ግን ዓለም ዛሬ የሚያውቅላቸው ነገር ሁሉ፣ ሉተሩም፣ ፖርሰሊኑም፣ የለንደኑ ዙፋንም፣ ለእኛም ቢሆን የአባ ጎርጎርዮስ ነገር፣ የመጣው ከዚያው ከመካፈሉ ነው።

መነሻቸውን ቶሎ ልለፈው። ስማቸውን ያገኙት ከሃለ ከተማ በስተሰሜን፣ ዛለ ወንዝ ዳር ከቆመ ግንብ ነው። በአሥረኛው ክፍለ ዘመን ብቅ ይላሉ። ያኔ ያ ምድር የጀርመን ዳር አገር ነው። ነዋሪዎቹ ስላቮች ነበሩ፤ የጀርመን ነገሥታት በጦር ያዙባቸውና የድንበር ጠባቂ ሾሙባቸው። ከነዚያ ስላቮች የሚወርዱት ሶርቦች ዛሬም ቋንቋቸውን ይዘው ሳክሶኒ ውስጥ አሉ። የማይሰን ድንበር ጠባቂነት በ1089 ቬቲኖች እጅ ገባ። ከዚያ በኋላ አልፎ አልፎ ቢነጠቁትም መልሰው ያዙት።

በ1168 አካባቢ ደግሞ ዛሬ ፍራይበርግ በሚባለው ቦታ ብር ተገኘ። ገዢው ኦቶ ይባላል። ብልህ ሰው ነበር። ማዕድኑን ለራሴ ብቻ ብሎ አላጠረውም። የፈለገ ይቆፍር፣ ድርሻዬን ይስጠኝ አለ። ቆፋሪው ከየአገሩ ጎረፈ። ኦቶም "ሀብታሙ" የሚል ቅጽል ወጣለት። ከ1247 በኋላ ደግሞ ቱሪንገንን ወረሱ፤ ለዚያም ዓመታት የፈጀ ጦርነት አስፈልጓቸዋል። በ1423 ከሁሉም የሚበልጠው ሹመት መጣ፤ የሳክሶኒ መራጭ መስፍንነት። የጀርመንን ንጉሥ የሚመርጡት ሰባት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ከሰባቱ አንዱ ቬቲን ሆነ ማለት ነው።

አሁን ፊልም ወደሚመስለው ሌሊት እንምጣ።

ጁላይ 1455 ነው፣ ከ7 ወደ 8 የሚያነጋው ሌሊት። ቦታው የአልተንቡርግ ግንብ። መራጭ መስፍኑ ፍሪድሪኽ ቤት የለም። ኩንዝ ፎን ካውፉንገን የሚባል ባላባት በገመድ መሰላል ግንቡ ላይ ወጣ። ከውስጥ የሚረዳው የወጥ ቤት አገልጋይ ነበረው። የመጣው ወርቅ ሊሰርቅ አይደለም። የመስፍኑን ሁለት ወንዶች ልጆች ሊጠልፍ ነው። ትልቁ ኤርነስት 14 ዓመቱ ነው። ታናሹ አልብረኽት 12 ሊሞላው ጥቂት ሳምንት ይቀረዋል።

የኩንዝ ቅሬታ መሠረት የለሽ አልነበረም። መስፍኑ ፍሪድሪኽ ቀደም ብሎ ከገዛ ወንድሙ ጋር አምስት ዓመት ተዋግቷል። ምክንያቱን ገምቱ፤ የርስት ክፍፍል። ኩንዝ በዚያ ጦርነት ለፍሪድሪኽ ሲዋጋ ተማረከ። የመፈቻውን ገንዘብ ከኪሱ ከፈለ። ኋላ ካሳዬን ስጠኝ ቢል ጌታው አሻፈረኝ አለ። ፍርድ ቤት ሄደ፣ አልሆነለትም። ስለዚህ ልጆቹን ወሰደ።

ጠላፊዎቹ ለሁለት ተከፈሉ። ኩንዝ አልብረኽትን ይዞ ወደ ቦሂሚያ ድንበር ገሰገሰ። ደርሶ ነበር ማለት ይቻላል። ጫካ ውስጥ ከሰል አክሳዮች ያዙት። ልጁ ከፈረስ ሲወርድ ለአንድ ከሰል አክሳይ ማንነቱን ነገረው፣ ሰውዬውም በዱላው ኩንዝን አሸነፈው እየተባለ ሳክሶኒ ውስጥ ለልጆች ሲተረት ኖሯል። ኤርነስትን የያዙት ደግሞ ዋሻ ውስጥ ተደብቀው ሰነበቱ። መሪያቸው መያዙን ሲሰሙ ምሕረት ለምነው ልጁን መለሱ። ኩንዝ በተያዘ በሳምንቱ፣ ጁላይ 14 ቀን፣ ፍራይበርግ አደባባይ ላይ አንገቱ ተቀላ። የዚያን ዘመን ፍርድ ቤት ሲፈልግ እንዲህ ይፈጥን ነበር።

ልጆቹ አደጉ። አባታቸው በ1464 ሲሞት አገሩን አብረው መግዛት ጀመሩ። ሃያ ዓመት ያህል አብረው ገዙ፤ አብረውም ኖሩ። በ1471 ማይሰን ላይ፣ የኤልበን ወንዝ ቁልቁል የሚያይ ኮረብታ ላይ፣ ትልቅ ግንብ ማሠራት ጀመሩ። ይህ ግንብ ከቀድሞዎቹ ይለያል። ለጦርነት አልተሠራም። ለመኖሪያ ነው። መስኮቶቹ ሰፋፊ ናቸው። ጠመዝማዛው የድንጋይ ደረጃ ዛሬም ጎብኚ አንገቱን አንጋጦ የሚያየው ነው። ሁለት ወንድማማቾች ከነቤተሰባቸው አብረው እንዲኖሩበት የታሰበ ቤት ነበር።

አልኖሩበትም። ግንቡ ሳያልቅ ወንድማማቾቹ ተለያዩ። ኖቬምበር 1485 ላይፕዚግ ላይ አገሩ ለሁለት ተከፈለ። ክፍፍሉን የፈለገው ታላቁ ኤርነስት ነው። አልብረኽት አልፈለገም። በአገሩ ልማድ ታላቅ ይከፍላል፣ ታናሽ ይመርጣል። ፍትሐዊ ዘዴ ነው፤ ከፋዩ ያላመዛዘነ እንደሆነ የሚጎዳው ራሱ ነው። ኤርነስት ከፈለ። ምናልባት ታናሹ ቱሪንገንን ይወስዳል ብሎ ተስፋ ሳያደርግ አልቀረም። አልብረኽት ግን ማይሰንን መረጠ፤ ድሬስደንና ላይፕዚግ ከዚያው ወገን ናቸው። ለኤርነስት መራጭነቱና ዊተንበርግ፣ ከዚያም አብዛኛው ቱሪንገን ደረሰው። የብር ጉድጓዶቹን ብቻ በጋራ ያዙ። በርስት ተጣልተው በገንዘብ አብረው ቀሩ ማለት ነው። ኤርነስት በተካፈለ ዓመት እንኳ ሳይሞላው ሞተ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። በዚያው በ15ኛው ክፍለ ዘመን የእኛ ነገሥታት ይኸው ችግር ነበረባቸው፤ ወንድም ይበዛል፣ ዙፋን አንድ ነው። የእኛ መፍትሔ አምባ ግሸን ነበር። ከሚነግሠው በቀር ሌሎቹን ልዑላን ተራራ ላይ አውጥቶ መጠበቅ። አገሩ አይከፈልም፣ ወንድም ግን ዕድሜውን እስረኛ ሆኖ ይኖራል። ቬቲኖች ተቃራኒውን መረጡ። ወንድም አይታሰርም፣ አገሩ ይቆራረጣል። የቱ ይሻላል ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ መልሱ የምጠየቀው እንደ ገዢ ነው ወይስ እንደ ታናሽ ወንድም በሚለው ላይ ይመሠረታል።

ክፍፍሉ ወዲያው ውጤት አመጣ። የላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ለአልብረኽት ወገን ሄዷል። የኤርነስት ልጅ ፍሪድሪኽ፣ "ጠቢቡ" የሚባለው፣ ያለ ዩኒቨርሲቲ ቀረ። መራጭ መስፍን ሆኖ ዩኒቨርሲቲ አለመኖሩ አይመጥነውም። ስለዚህ በ1502 ትንሿ ዊተንበርግ ላይ አዲስ ከፈተ። አስተማሪ ያስፈልጋል። ከመጡት አስተማሪዎች አንዱ ማርቲን ሉተር የሚባል መነኩሴ ነበር።

የቀረውን ታውቁታላችሁ። በ1517 የሮምን ቤተ ክርስቲያን የሚነቅፈው ጽሑፉ ወጣ። በ1521 ንጉሠ ነገሥቱ ፊት ቀርቦ እምቢ አለ፣ ተወገዘ። ፍሪድሪኽ በመንገድ ላይ ያፈኑት አስመስሎ ቫርትቡርግ ግንብ ውስጥ ደበቀው። ሉተር እዚያ ጺሙን አሳድጎ፣ የባላባት ልብስ ለብሶ፣ ሐዲስ ኪዳንን በጥቂት ሳምንታት ወደ ጀርመንኛ መለሰ። የሚያስቀው ደግሞ ፍሪድሪኽ ራሱ የለየለት የቅዱሳን አጽም ሰብሳቢ ነበር። ዊተንበርግ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከ18 ሺህ በላይ ቅርስ አከማችቶ ነበር። ሉተር የሚቃወመውን ነገር በብዛት የያዘው ሰው ሉተርን አዳነው። ሁለቱ ፊት ለፊት ተነጋግረው አያውቁም ይባላል።

በነገራችን ላይ፣ ከእኛም ሰው እዚያ ደርሷል። በ1534 ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ዊተንበርግ ድረስ መጥቶ ከሉተርና ከባልደረባው ከሜላንክቶን ጋር ስለ ሃይማኖት ተወያይቷል። ሉተርም የድጋፍ ደብዳቤ ጽፎ ሸኝቶታል።

የኤርነስት ወገን ግን በዚሁ ሃይማኖት ተመታ። አፕሪል 24 ቀን 1547፣ ሙልበርግ ላይ፣ መራጭ መስፍን ዮሐን ፍሪድሪኽ በንጉሠ ነገሥት ካርል አምስተኛ ተሸንፎ ተማረከ። ንጉሠ ነገሥቱን የረዳው ማን ነው? የአልብረኽት የልጅ ልጅ ሞሪትዝ። ሃይማኖቱ የዘመዱ ሃይማኖት ነው። ግን የዘመዱን መራጭነት ፈለገው። አገኘም። ሕዝቡ "የማይሰን ይሁዳ" አለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥልጣኑ ለታናሽ ወገን ሆነ፤ የታላቅ ወገን ቱሪንገን ውስጥ በጥቂት ወረዳ ተወስኖ ቀረ።

የታላቅ ወገን ምን አደረገ መሰላችሁ? ያቺኑ ደግሞ መካፈል ጀመረ። በ1572 ተካፈሉ። በ1603 ተካፈሉ። በ1640ም ተካፈሉ። የዚህን ሐረግ ዝርዝር ለማጥናት የሞከረ ሰው ራስ ምታት ይዞት ይነሳል፤ እናንተን አላስጨንቅም። ከ1640ው ክፍፍል አንድ ሰው ብቻ ላውጣላችሁ። እሱም ኤርነስት ይባላል። "መንፈሳዊው ኤርነስት" ይሉታል። የደረሰው ጎታ ነው።

ጊዜው የሠላሳ ዓመቱ ጦርነት ማብቂያ ነው። መንደሩ ተቃጥሏል፣ ሰው አልቋል። ኤርነስት ራሱ በወጣትነቱ በጦርነቱ ተሰልፏል። ሰፊ አገር የለው፣ ትልቅ ጦር የለው። የነበረውን ነገር ሠራ። በ1642 ትምህርት ቤቶቹን የሚመራ ደንብ አወጣ፤ ወንድም ሴትም ልጅ ትምህርት ቤት እንዲገባ አስገደደ። በ1643 የፈረሰ ምሽግ በነበረበት ኮረብታ ላይ ትልቅ ቤተ መንግሥት አስጀመረ። ስሙን ፍሪደንሽታይን አለው፤ የሰላም ድንጋይ እንደማለት ነው። ጦርነቱ ገና አላለቀም ነበር። ውስጡ ቤተ መጻሕፍት፣ የተአምራት ዕቃ ክፍል፣ ቤተ ክርስቲያን አለው።

በ1652 ወደዚያ ቤተ መንግሥት አንድ ኢትዮጵያዊ መጣ። አባ ጎርጎርዮስ ነው። የአምሐራው የመካነ ሥላሴ ሰው። ዐፄ ፋሲል ኢየሱሳውያንን ሲያባርሩ አብሮ ከአገር ወጥቶ ሮም ደርሷል። ሮም ውስጥ፣ ሳንቶ ስቴፋኖ በሚባለው የሐበሾች ማረፊያ፣ በ1649 ሂዮብ ሉዶልፍ የሚባል ወጣት ጀርመናዊ አገኘው። ሉዶልፍ ግዕዝ ከመጽሐፍ ለብቻው ተምሯል። ማንበብ ይችላል። ሲናገር ግን የሚሰማው የለም፤ ከአፍ ሰምቶት አያውቅማ። ሁለቱ መጀመሪያ የተግባቡት በብዙ ትግል ነው። ኋላ ሉዶልፍ በመስፍን ኤርነስት ቤት ሥራ ሲይዝ፣ ስለ አባ ጎርጎርዮስ ነገረው። መስፍኑም ይምጣልኝ አለ።

እስቲ አስቡት። አንድ የሐበሻ መነኩሴ የአልፕስን ተራራ ተሻግሮ፣ በጦርነት የወደመ አገር አቋርጦ፣ ቱሪንገን መሐል ካለ ቤተ መንግሥት ይገባል። መስፍኑ ይጠይቀዋል፣ ሉዶልፍ ያስተረጉማል። ሃይማኖታችሁ እንዴት ነው? ንጉሣችሁ እንዴት ይገዛል? አገራችሁ ምን ያበቅላል? ኤርነስት የሚያስበው ግልጽ ነው። የሮምን ሥልጣን የማይቀበል ጥንታዊ የክርስቲያን አገር ካለ፣ ለፕሮቴስታንቱ ወዳጅ ሊሆን ይችላል። አባ ጎርጎርዮስ ጥቂት ወራት ተቀመጠ። የተባለው ሁሉ ተጻፈ።

እኔን የሚደንቀኝ የአባ ጎርጎርዮስ ድርሻ ነው። ሰው ሲያወራ ሉዶልፍን "የኢትዮጵያ ጥናት አባት" ይለዋል፤ ትክክል ነው። በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ በላቲን አሳተመ። በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አወጣ። ከዚያ በፊት በኅትመት የወጣ የአማርኛ ሰዋስው አልነበረም። ግን የአማርኛውን ቃል ከየት አመጣው? ከአባ ጎርጎርዮስ አፍ ነው። አስተማሪው ግን ፍሬውን አላየም። ወደ አገሩ ሲመለስ በ1658 እስክንድሩና አጠገብ ባሕር ላይ መርከቡ ተሰበረና ሞተ። መጻሕፍቱ የወጡት ከዚያ ብዙ ቆይቶ ነው።

ኤርነስት ተስፋ አልቆረጠም። በ1663 ዮሐን ሚካኤል ቫንስሌበን የሚባል የሉዶልፍ ተማሪ ወደ ኢትዮጵያ ላከ። ግብፅ ደረሰ። ከዚያ ግን አላለፈም። ኢትዮጵያን ሳይረግጥ ተመልሶ ሮም ሄደ፣ ካቶሊክ ሆነ፣ የዶሚኒካን መነኩሴ ሆነ። ለፕሮቴስታንቱ መስፍን ይህ ከገንዘቡ መባከን በላይ ሳያንገበግበው አልቀረም።

አንድ ነገር ልጨምር። መስፍኑ 18 ልጆች ወልዷል። በ1675 ሲሞት ሰባት ወንዶች በሕይወት ነበሩ። ምን እንዳደረጉ ለመገመት አይቸግራችሁም። በ1680 አገሩን ሰባት ቦታ ቆረሱት። የጎታ፣ የኮቡርግ፣ የማይኒንገን፣ የሮምሂልድ፣ የአይዘንበርግ፣ የሂልድቡርግሃውዘን፣ የዛልፌልድ መስፍን። ሰባት መስፍን፣ ሰባት ግቢ፣ ሰባት ዘበኛ። አንዳንዱ ግዛት በፈረስ ከቁርስ ተነስተህ ለምሳ የምትጨርሰው ነው።

እስከዚያው የታናሽ ወገን ድሬስደን ላይ እንዴት ነበር? ደልቶት ነበር። በ1694 ፍሪድሪኽ አውጉስት መራጭ መስፍን ሆነ። "ብርቱው አውጉስት" የሚባለው ነው። የፈረስ ጫማ በእጁ ሰብሯል ይባላል። ከሦስት መቶ በላይ ልጆች ነበሩት የሚለው ወሬ እስካሁን ይወራል፤ የታመነላቸው ግን ከአሥር አይበልጡም። በ1697 የፖላንድ ዙፋን ክፍት ሆነ። ፖላንድ ንጉሥዋን በምርጫ ነው የምትሾመው፤ ካቶሊክ መሆን ግን ግድ ነው። አውጉስት ካቶሊክ ሆነ። የሉተር አገር ገዢ ካቶሊክ! ሚስቱ ክርስቲያነ ኤበርሃርዲነ እምቢ አለች። ሃይማኖቷን አልለወጠችም፣ ፖላንድንም አልረገጠችም። ሕዝቡ እሷን ወደደ። ድሬስደን ግድግዳው ላይ የአውጉስት ፈረስ አንዲት ጽጌረዳ ይረግጣል። ጽጌረዳ የሉተር ማኅተም ነበረች።

አውጉስት ሌላ ሱስ ነበረበት፤ የቻይና ፖርሰሊን። በ1717 ለፕሩስያ ንጉሥ 600 ወታደር ሰጥቶ 151 ዕቃ ተቀበለ። በሰው የተለወጡት ትላልቅ ማሰሮዎች ዛሬም ድሬስደን ውስጥ አሉ። ስማቸውም የወታደሮቹ ነው። ግን ከዚያ በፊት መግዛቱ አልበቃውም፣ መሥራት ፈለገ። ዮሐን ፍሪድሪኽ ቦትገር የሚባል ወጣት ወርቅ እሠራለሁ ብሎ ፎክሮ ነበር። አውጉስት ይዞ አሰረው። ወርቁን ሥራ ብሎ አዘዘው። ወርቅ አልመጣም። በ1708 ግን፣ ከሊቁ ቺርንሃውስ ጋር ሲሞክር፣ ነጭ ፖርሰሊን ወጣ። አውሮፓ ይህን አታውቅም ነበር። ምስጢሩ መጠበቅ አለበት። የት ይጠበቅ? ማይሰን ላይ፣ ሁለቱ ወንድማማቾች ያልኖሩበት ግንብ ባዶውን ቆሟል። በ1710 ፋብሪካው እዚያ ገባ፤ እስከ 1863ም አልወጣም። ሁለት ቤተሰብ ሊያኖር የተሠራው ቤት 150 ዓመት የምድጃ ጢስ ሲጠጣ ኖረ።

ወደ ታላቅ ወገን እንመለስ። ቫይማርን በአንድ ትንፋሽ ልለፍ፤ ለሷ ብቻ ሌላ ምሽት ይበቃል። ትንሽ ከተማ፣ ትንሽ ግዛት፣ ወጣት መስፍን። በ1775 ጎተን ጋበዘው፣ ጎተም ሞቱ ድረስ እዚያው ቀረ። ጦር የሌለው ገዢ ባለቅኔ ሲያስጠጋ ምን እንደሚሆን ያየነው እዚያ ነው።

ኮቡርግ ግን መቆየት ያስፈልጋታል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የኮቡርግ ቤት ዕዳ ያለበት፣ ጦር የሌለው፣ በካርታ ላይ ለማግኘት መነጽር የሚያስፈልግ ነበር። የነበረው ሀብት መልከ መልካም፣ ፕሮቴስታንት፣ የማንም ጠላት ያልሆኑ ልጆች ናቸው። ታላላቆቹ መንግሥታት ተፈራርተዋል፤ የፈረንሳይን ልዑል እንግሊዝ አይፈልገውም፣ የእንግሊዝን ፈረንሳይ አይፈልገውም። የኮቡርጉን ግን ማን ይፈራዋል? ሊዮፖልድ የቤልጂየም ንጉሥ ሆኖ በ1831 ማለ። ቀደም ብሎ የግሪክን ዙፋን አልፈልግም ብሎ መልሷል። ፌርዲናንድ በ1836 የፖርቱጋልን ንግሥት አገባ። የሊዮፖልድ እህት የንግሥት ቪክቶሪያ እናት ናት። በ1840 ቪክቶሪያ ራሷ የኮቡርጉን አልበርትን አገባች። በ1887 ሌላው ፌርዲናንድ ቡልጋሪያን ያዘ። የጀርመኑ ቻንስለር ቢስማርክ "የአውሮፓ የፈረስ ማርቢያ" ብሎ አሾፈባቸው ይባላል። ስድብ ነው፤ ግን ስሌቱን አይቶታል።

የአልበርት ታላቅ ወንድም ኤርነስት ሁለተኛው በ1862 ለአደን ወደኛ አካባቢ መጥቶ ነበር። ባለቤቱንና ታዋቂውን የእንስሳት ተመራማሪ አልፍሬድ ብሬምን አስከትሎ በቀይ ባሕር በኩል እስከ መንሳና ቦጎስ ዘለቀ። በዚያው ዓመት ዐፄ ቴዎድሮስ ለቪክቶሪያ ያንን ምላሽ ያጣ ደብዳቤያቸውን ጻፉ። የዳር አገራቸውን ዝሆን ሊያድን የመጣው ሰው የደብዳቤው ተቀባይ የባሏ ወንድም ነበር።

ስለ ሊዮፖልድ ሁለተኛው ዝም ብዬ አላልፍም። የመጀመሪያው ሊዮፖልድ ልጅ ነው። ከ1885 እስከ 1908 ኮንጎን የግል ንብረቱ አድርጎ ያዘ። የቤልጂየም አይደለም፤ የራሱ። የጎማ ኮታ ያልሞላ መንደር ይቃጠላል፣ ሰው ይገረፋል፣ እጅ ይቆረጣል። የሞተው ሰው ብዛት እስካሁን ያከራክራል፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ነው የሚሉት ብዙ ናቸው። ርስት የመፈለግ አባዜ ርስት ከሌለበት ቤት ሲወጣ እንዲህም ይሆናል። እዚያ ግድግዳ ላይ ኮንጎ የለችም።

1917 ላይ የኮቡርግ ስም ለለንደን ሸክም ሆነ። ጁን 13 ቀን የጀርመን አውሮፕላኖች ለንደንን በቀን ደበደቡ፣ ሕጻናት ሞቱ። የአውሮፕላኖቹ ስም ጎታ ነው፤ ጎታ ከተማ ስለተሠሩ። የእንግሊዝ ንጉሥ ቤት ስም ደግሞ ሳክስ-ኮቡርግና ጎታ። ወር ከጥቂት ቀን ቆይቶ፣ ጁላይ 17፣ ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ ቤታችን ከእንግዲህ ዊንድሰር ነው አለ። ኮቡርግ ላይ ያለው መስፍን ካርል ኤድዋርድ ግን የገዛ የአጎቱ ልጅ ነበር። እንግሊዝ ተወልዶ በልጅነቱ ጀርመን የተወሰደ፣ የቪክቶሪያ የልጅ ልጅ። የእንግሊዝ ማዕረጉን ተገፈፈ። ኋላ ናዚ ሆነ፣ የጀርመን ቀይ መስቀልን መራላቸው።

በኖቬምበር 1918 ሁሉም ወረዱ። የሳክሶኒው ፍሪድሪኽ አውጉስት ሦስተኛው፣ ግድግዳው ላይ የሌለው፣ "እንግዲያው ጉዳችሁን ራሳችሁ ተወጡት" ብሎ ወጣ ይባላል። ለሳክሶኒ ሰው ይህ ዛሬም ያስቀዋል።

በ1945 የሶቪየት ቀይ ጦር ሲቃረብ ከዚሁ ንጉሥ ልጆች አንዱ፣ ልዑል ኤርነስት ሃይንሪኽ፣ የቤተሰቡን ወርቅና ብር በሣጥን አድርጎ ሞሪትዝቡርግ ጫካ ውስጥ ቀበረ። ሶቪየቶች አብዛኛውን አገኙት። ጥቂት ሣጥን ግን ከመሬት በታች ቀረ። በ1996 ብረት መፈለጊያ ይዘው የሚዞሩ ሁለት ሰዎች አገኙት። ከውስጡ በአፍሪካዊ ሰው ራስ ቅርጽ የተሠራ የብር ዋንጫ ወጣ፤ አሁን ሙኒክ ሙዚየም ውስጥ ነው። ሌላው በ1999 ለንደን ላይ በጨረታ ተሸጠ።

የሳክሶኒው ቅርንጫፍ አለቃ በ2012 ወንድ ልጅ ሳይተካ ሞተ። አገር የለም፣ ዙፋን የለም፣ የሚካፈሉት ግንብም አልቀረም። ቢሆንም የቤቱ አለቃ እኔ ነኝ የሚሉ ሁለት ወገኖች አሉ፤ ክርክሩም እስካሁን አልተቋጨም። ጥያቄ ካላችሁ ደስ ይለኛል።